የሰዓዳ ኪኒን

ከሽንፋ ወደ ገንዳ ውሃ በአውቶቡስ ስንሄድ ከፊቴ ሁለት ሴቶች ተቀምጠው ነበር። የአንድ ሰው ሚስቶች መሆናቸውን ያወቅሁት ከወሬያቸው ነው። የታላቂቱ እጅ በጀሶ ታስሯል።

«ከሰሊጡ ማሳ ስንመለስ ከትራክተሩ ተሳቢ አብረን ነው የወደቅን። አንቺ አቧራሽን አራግፈሽ ተነሣሽ፤ እኔ ተሰበርሁ።»

«አላህ ነው ያተረፈኝ፣ እትዬ ዘይነባ።»

«ኪኒኑ ነው እንጂ! ለአጥንት እያልሽ በየቀኑ ስትውጪ የማላይ መስሎሽ ነው? ባላችን ጎንደር ድረስ ወስዶ ያሳከመ አንቺን ነው። የእኔ የወር አበባ ሲቆም ማን ምን ሆንሽ አለኝ?»

«የእርስዎ በጊዜው ነው የቆመ። የእኔ በሠላሳ አምስት ዓመቴ ቆመ። አጥንትሽ ያለ ዕድሜው እንዳይሳሳ ብላ ነው ሐኪሟ ሆርሞኑን ያዘዘችልኝ።»

«ታዲያ ለእኔም ብታካፍዪኝ ምን ነበረበት?»

«ለእርስዎ ይስማማ አይስማማ ሐኪም ነው የሚያውቅ።»

«ሰበብ ነው፣ ሰዓዳ! ስስት ነው!»

ሰዓዳ ፊቷን ወደ ታላቂቱ አዞረች።

«እትዬ፣ እርስዎ ስድስት ወልደዋል። እኔ አንድም ሳልወልድ ነው የቆመብኝ። ከስድስቱ አንዱን እንኳ፣ ‹ይኸ ያንቺ ልጅ ይሁን፣ አንቺ ዘንድ ይደግ› ብለውኝ ያውቃሉ?»

መውረጃዬ ሲያልፍ እያየሁ «ወራጅ አለ» ሳልል ቀረሁ።