የሐዋሳው ቅርንጫፍ የማን ነው?

(ሐዋሳ፤ አንድ የብድር ተቋም ደጃፍ። የሆቴል ሼፍ የሆነችው ትርሲትና ባሏ እንግዳወርቅ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ተራቸውን ይጠብቃሉ።)

ትርሲት፦ አልፈርምም አላልኩም። መጀመሪያ መልስልኝ ነው ያልኩት።

እንግዳወርቅ፦ እዚህ ደጅ ላይ? ሰው ይሰማናል እኮ።

ትርሲት፦ ይስማ። ብድሩ ለምን በእኔ ስም ሆነ?

እንግዳወርቅ፦ ስንቴ ልንገርሽ? ለሴቶች ቅድሚያ አለ። ደግሞ መንግሥት ዋስ የሚሆንበት ብድር ነው፤ ቤት አስይዙ፣ መኪና አስይዙ የለም። እንዲህ ያለ ዕድል ከየት ይገኛል?

ትርሲት፦ መንግሥት ዋስ ሆነ ማለት እኔ ዕዳ የለብኝም ማለት ነው?

እንግዳወርቅ፦ ብንከስር አብዛኛውን እሱ ይሸፍናል።

ትርሲት፦ ለተቋሙ ነው የሚሸፍነው። ከዚያ ዞሮ የሚይዘው እኔን ነው። የብድር ኦፊሰሯን ጠይቄያታለሁ።

እንግዳወርቅ፦ መቼ?

ትርሲት፦ ምነው ደነገጥክ?

እንግዳወርቅ፦ ማን ደነገጠ! ደግሞስ ለምን እንከስራለን? ጎመራ ክትፎ እኮ ነው። ስሙን አገር ያውቀዋል። ቅቤውንና ሚጥሚጣውን እነሱ ያቀርባሉ፣ አሠራሩን ያሳዩናል፤ እኛ በስማቸው የሐዋሳውን ቅርንጫፍ ከፍተን መሸጥ ብቻ ነው።

ትርሲት፦ «እኛ» ስትል ማንና ማን?

እንግዳወርቅ፦ እኔና አንቺ ነዋ!

ትርሲት፦ ከጎመራ ጋር የሚዋዋለውስ?

እንግዳወርቅ፦ ያው... እኛው።

ትርሲት፦ እንግዳ፣ ዓይኔን እያየህ ንገረኝ።

እንግዳወርቅ፦ ለጊዜው... ላቀው ነው።

ትርሲት፦ ወንድምህ!

እንግዳወርቅ፦ ለጊዜው አልኩ እኮ! የቅርንጫፉ ባለቤት ሙሉ ቀን እዚያው መዋል አለበት ይላሉ። አንቺ ሥራ ላይ ነሽ፤ እሱ ደግሞ ቤት ተቀምጧል።

ትርሲት፦ ስለዚህ ዕዳው የትርሲት፣ ክትፎ ቤቱ የላቀው።

እንግዳወርቅ፦ እንዲህ ስታወሪው ሌብነት አስመሰልሽው!

ትርሲት፦ አንተስ ምን ትለዋለህ?

እንግዳወርቅ፦ ብነግርሽ እምቢ ትያለሽ ብዬ ነው። እውነቱን ልንገርሽ፤ ጎበዝ ሼፍ ነሽ፣ ንግድ ግን ሌላ ነው። ሠራተኛ መቆጣጠር፣ ከነጋዴ ጋር መጨቃጨቅ አይሆንልሽም።

ትርሲት፦ የሆቴሉን ኩሽና ሙሉ ማን የሚያዘው ይመስልሃል?

እንግዳወርቅ፦ እሱ ሌላ።

ትርሲት፦ እሺ። ማክሰኞ ሻሸመኔ እህቴ ጋ ሄድኩ አላልኩህም?

እንግዳወርቅ፦ አዎ።

ትርሲት፦ አዲስ አበባ ነበርኩ። ኦፊሰሯ «ውሉ ላይ ያለው ላቀው ምንሽ ነው?» ካለችኝ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። በቀጥታ የጎመራ ባለቤት ጋ ሄድኩ።

እንግዳወርቅ፦ ብቻሽን?

ትርሲት፦ ብቻዬን። ሴትየዋ ሽርጥ ሰጥታ ኩሽና አስገባችኝ። ሠራሁ፤ ቀመሰች። ከዚያ «ሐዋሳን ላንቺ ነው የምሰጠው» አለችኝ። ውሉ ወደ እኔ ስም ተቀይሯል። ለሆቴሉም መልቀቂያ አስገብቻለሁ።

እንግዳወርቅ፦ ታዲያ ሁሉን እያወቅሽ ነው እስካሁን የምትጠይቂኝ?

ትርሲት፦ ራስህ እንድትነግረኝ ፈልጌ ነበር። ቁርስ ላይ ጠበቅኩህ። ባጃጅ ውስጥም ጠበቅኩህ።

እንግዳወርቅ፦ ላቀውስ? ክትፎ ቤት ልከፍት ነው ብሎ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቷል።

ትርሲት፦ ሳህን ማጠብ ካላፈረ ይምጣ።

እንግዳወርቅ፦ እኔስ?

ትርሲት፦ አንተ ባሌ ነህ፤ ማታ ቤትህ ትገባለህ። ክትፎ ቤቱ ውስጥ መሥራት ካማረህ ግን፣ እንደ ማንኛውም ሰው መጥተህ ትጠይቀኛለህ።