የድግሱ ከፋይ

የምርጫው ሰሞን ነበር። ጡረተኛው የአውቶቡስ ሹፌር አንድ የምክር ቤት እጩ ባዘጋጀው የምሳ ግብዣ ላይ አምረው ለመገኘት ፀጉር ቤት ገብተዋል። ነጩ ጨርቅ አንገታቸው ላይ ታስሮ፣ ግማሽ ጭንቅላታቸው ተላጭቶ ሳለ የወንድማቸው ልጅ በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። የሰፈሩ ትምህርት ቤት መምህር ናት። እሷም ለአካባቢው ምክር ቤት እንደምትወዳደር ሹፌሩ ያውቁ ነበር፤ ስለሚያውቁም ነው ከሰሞኑ በደጇ ያላለፉት። አሁን ግን ማምለጫ የለም። በግማሽ ፀጉር ወዴት ይኬዳል?

«እንደምን አደሩ ጋሼ?»

«ደህና ነኝ ልጄ፤ ደህና ነኝ።»

መምህሯ በእጇ የጻፈችውን ማስታወቂያ ለፀጉር አስተካካዩ ዘረጋችለት። እሱም በመቀሱ ወደ ግድግዳው ጠቆመ። የምሳው ጋባዥ እጩ ባለቀለም ፎቶግራፍ ከበሩ እስከ መስታወቱ ጠርዝ ተለጥፏል።

«ቦታ የለኝም እህቴ። ደንበኛዬ ሁሉ አሁን የራሱን ፊት ትቶ የሰውየውን እያየ ነው የሚላጨው።»

ሹፌሩ ሳቁ። እሷም ፈገግ ብላ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ዛሬ ድግሱ ላይ ለእሱ ሊናገሩለት ነው ሲሉ ሰማሁ።»

«እናገራለሁ። ምን ክፋት አለው? ልጁ ሰው አክባሪ ነው። ድንኳን ጥሏል፣ ለወጣቱ ካናቴራ አድሏል፣ ሽማግሌ ጠርቷል። አንቺ ምን ይዘሽ መጣሽ? ወረቀት። ባዶ እጅን ይዞ ሰው ፊት መቆም ነውር ነው ልጄ።»

«ድግሱን ማን ከፈለ?»

«እሱ ነዋ።»

«እሱ እንደኔው የወር ደመወዝተኛ ነው። የከፈለው አሸዋ ነጋዴው ነው። መኪኖቹ በዋናው መንገድ መዞራቸው ቀርቶ በሰፈራችን መሃል እንዲያቋርጡለት ይፈልጋል። አምና ጠይቆ ምክር ቤቱ ከልክሎታል። ዘንድሮ ምክር ቤቱን ራሱን ሊገዛው ነው።»

«ሀብታም ካለው ላይ ቢሰጥ ምን አለበት? ጥርጣሬ አታብዢ።»

«ነጋዴ የማያጭድበት ቦታ አይዘራም፣ ጋሼ። እኔ የምለው ሌላ ነው። ሰፈሩ ከአቅሙ ትንሽ ትንሽ ያዋጣ፤ ለየትኛውም እጩ የሰጠ ሰው ስሙ በአደባባይ ይነገር። ያኔ የተመረጠው ሰው አለቃው ሰፈሩ ይሆናል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለም?»

«ከደሃ ለምነሽ ልትመረጪ ነው? ሰጪ ነው እንጂ ለማኝ አለቃ ሆኖ አያውቅም።»

«እሱስ ለምኖ የለ? ልዩነቱ የለመነው ከአንድ ሰው ብቻ መሆኑ ነው።»

ፀጉር አስተካካዩ እጁን አቆመ። ሹፌሩ ደማቸው ፈላና «ጨርስልኝ እንጂ!» አሉት። መምህሯም ማስታወቂያዋን ጠቅልላ፣ እጅ ነስታ ወጣች።

እዚህ ላይ በሽማግሌው መፍረድ ቀላል ነው። ሹፌሩ ግን ምሳ ርቧቸው አልነበረም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ጀርባቸውን ብቻ እያየ ተሳፍሯል፣ ወርዷል። ያን ቀን ድግሱ ላይ በስማቸው ተጠርተው፣ ከፊት ተቀምጠው፣ «አባታችን» ተባሉ። ደሃ ሲያከብሩት ዋጋውን አይጠይቅም፤ የሚገዙትም በዚሁ ነው። ሹፌሩ የድምፅ ማጉያውን ጨብጠው፣ «የሰጠንን እንስጠው» አሉ። ጭብጨባው ድንኳኑን አናጋው።

መምህሯ ተሸነፈች፤ ያውም ክፉኛ።

ብዙም ሳይቆይ የአሸዋ መኪኖቹ ገና ጎህ ሲቀድ በሰፈሩ መሃል ማለፍ ጀመሩ። የሹፌሩ ሚስት ዱሮም ደረታቸው ደካማ ነበር። የመስኮቱን ስንጥቅ በጨርቅ ወታተፉት፤ አቧራው በበሩ ሥር ገባ። ውኃውን ከደኑ፣ አልጋውን አራገፉ፣ አልሆነም። በመጨረሻ ሳሉ ሲጠናባቸው ልብሳቸውን ሸክፈው ወደ እህታቸው ቤት ሄዱ። ሹፌሩ ብቻቸውን ሻይ እያፈሉ፣ ብቻቸውን መጠጣት ያዙ።

ነገሩ ሲመራቸው ወደ ተመራጩ ቢሮ ሄዱ። ልጁ ከወንበሩ ተነሥቶ ተቀበላቸው፤ አክባሪነቱ አልቀነሰም።

«ልጄ፣ የመሰከርኩልህ እኔ ነኝ። መኪኖቹን ወደ ዋናው መንገድ መልስልን። ሚስቴ ከቤቷ ወጣች።»

ተመራጩ በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አባባ፣ አልዋሽዎትም። መንገዱ የተሰጠው እዚህ ወንበር ላይ ከመቀመጤ በፊት ነው። ድንኳኑ ሲተከል ነው የተሰጠው። እኔን ብቻ አይውቀሱኝ፤ አብረን በልተናል።»

ሹፌሩ እንደ ባለጉዳይ ገብተው እንደ ተከሳሽ ወጡ።

ከዚያ በቀጥታ ትምህርት ቤት ሄዱ። መምህሯ ባዶ ክፍል ውስጥ ከወንበሮቹ ላይ አቧራ ትጠርጋለች። መስኮቶቹ በሙሉ ተዘግተዋል።

«ያልሽው ሁሉ ደረሰ፣ ልጄ። ለሚመጣው ምርጫ ተወዳደሪ፤ እኔ ቤት ለቤት ዞሬ መዋጮ እሰበስብልሻለሁ።»

«አልወዳደርም ጋሼ።»

«ለምን?»

«ሌላው ቢሰድበኝ ችዬው ነበር። ነገር ግን በየደረስኩበት ‹የገዛ አጎቷ ያላመናትን እኛ ምን ብለን እንመናት?› አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።»

ሹፌሩ ተማሪዎቹ ከሚቀመጡበት አጭር ወንበር ላይ ዝቅ ብለው ተቀመጡ። እንዲህም አሉ፦

«አጥፍቻለሁ። ግን ስሚኝ። አዋጥተን ብንመርጥ ኖሮ ያን ልጅ ዛሬ እኛ አለቃ ሆነን እንጠይቀው ነበር። ስንበላ ግን አፋችንን ይዘን ቀረን። የከፋዩ ስም በአደባባይ ተነግሮ ቢሆን፣ ‹አሸዋ ነጋዴው ምን ፈልጎ ነው?› የሚል አንድ ሰው አይጠፋም ነበር። የሰፈር ገንዘብ የሚታዘዘው ለሰፈር ነው። ልጆቹ መስኮት ከፍተው በተማሩ፣ እትዬሽም ከቤቷ ባልወጣች።»

መምህሯ ጨርቁን አራገፈች።

«እሱን እኮ እኔ ነኝ የነገርኩዎት። ለማያውቁት ይንገሩ።»

ሹፌሩ በማግስቱ በሰፈሩ መዞር ጀመሩ። አንዱ ሥራ አለኝ አለ፤ ሌላው ሳቀባቸው። አንዲት ጎረቤት ብቻ፣ በአቧራ የተበላሸባትን ልብስ ዳግመኛ እያጠበች እስከ መጨረሻው አዳመጠቻቸው። መዋጮው፣ የከፋዩን ስም በአደባባይ መናገሩ፣ ሁሉም ገባት። እጇን አደራረቀችና፦

«እውነት ነው አባባ፤ እኔ አዋጣለሁ። ግን ለማን?» አለቻቸው።

ሹፌሩ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያም ወደሚቀጥለው በር ሄዱ።