እንቁላሉና የንስሐ አባቱ

ከሓድነት ወደ ዓይደር ሆስፒታል በሚሄደው ታክሲ ከፊቴ የተቀመጠች እናት፣ በካንሰር ታሞ እዚያው ስለተኛው የሰባት ዓመት ልጇ አጠገቧ ላሉት ባልቴት ታወራለች።

«ሐኪሙ እንቁላል ካልበላ መድኃኒቱን አይችለውም አለኝ። ልጁ ደግሞ ‹ሑዳዴ ነው፣ እጾማለሁ› አለ።»

«ዋይ! በዚህ ዕድሜው?»

«አዎ አደይ። ሲጨንቀኝ የንስሐ አባታችንን ወሰድኳቸው።»

«ፈቀዱለት?»

«ፈቅጄልሃለሁ፣ ብላ አሉት። ‹እንግዲያው መጀመሪያ እርስዎ ይቅመሱ› አላቸው።»

«ወይ ጉድ! ቀመሱ?»

«ቅዳሴ ደረሰብኝ ብለው ሮጠው ወጡ።»

«ልጁስ?»

«እየሳቀ የቀረበለትን ሁለት እንቁላል ጨረሰ! ዛሬ ግን ‹ቄሱ እንደገና ካልሮጡ አልበላም› ብሎኛል።»

«ታዲያ ምን ይሻላል ልጄ?»

«ይኸው እሺ ብለው ከኋላ ተቀምጠዋል።»

መውረጃዬ ሮማናት ቢሆንም ዓይደር ድረስ ሄድኩ።