ከስማቸው በታች ያለው ባዶ መስመር

ለሰፈራችን እድር፣ እዚሁ ቆሰበር፣ ድረ ገጽ ስሠራ የየቤቱ ሰው ስም የሚደረደርበትን ሳጥን በስሞቹ ልክ እንዲሰፋና እንዲጠብ አድርጌው ነበር። ባዶ ቦታ ሳይ ያስጠላኛላ!

ታዲያ አንዲት እናት አንድያ ልጃቸውን በቀበሩ ሰሞን፣ የእድሩ ደንብ ነውና፣ ስሙን ሊያሰርዙ መጡ። አጠገቤ ተቀምጠው እያዩ ሰረዝኩት። ሳጥኑ ወዲያው ጥብብ አለና የእሳቸው ስም ብቻውን ቀረ።

«ምነው ልጄ፣ ቤቱን አጠበብክብኝ?»

«በሰው ልክ እንዲሆን ብዬ ነው፣ እማማ።»

«ተዝካሩ ሳይወጣ? እኔ እንኳ አልጋውን አላነሳሁ!»

ከስማቸው በታች አንድ ባዶ መስመር ጨመርኩ። እሳቸውም ባዶውን በጣታቸው ዳሰስ አድርገው፣ «አዎ፣ እዚህ ነው የሚተኛ» አሉ።