የደም ወታደር

ሳዑዲ ውስጥ ከደርብ ወደ ጂዛን በሚሄደው ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት የወሎ እረኞች ያወራሉ፤ አንዱ ወጣት፣ አንዱ ሽማግሌ።

«ጋሽ ይማም፣ ሙዲሬን፣ አሠሪዬን፣ የፕሮስቴት ካንሰር አጥንቱ ድረስ ዘልቆበታል። አሁን የሙከራ ሕክምና ገብቷል። ቲ ሴል የሚሉትን የደሙን ወታደር አውጥተው፣ ካንሰሩን እንዲለይ አድርገው ይመልሱለታል አሉ።»

«ወታደር! ድንበር ላይ ያለው እንኳ እረኛን ከታጣቂ አይለይ!»

«ሐኪሙ ነው ያለው።»

«ሐኪም ምን የማይለው አለ! ለመሆኑ ሲጀምረው ምን ነበር?»

«ሽንት። ቶሎ ቶሎ ይመጣበታል፣ ሊሸና ሲቀመጥ ደግሞ ይቆራረጥበታል። እርጅና ነው ብሎ ዝም አለ።»

«እርጅና ነዋ! ደግሞ ሽንት በሽታ ሆነ? ኸላስ፣ ተወኝ! ያ ሰዲቅ፣ ወግፍ፣ ወግፍ! አቁም፣ ልውረድ!»

«አሁንም ጋሼ? ለሽንት የወረዱት አሁን አይደል?»

«አንተ ምን አገባህ!»

ሽማግሌው ሲመለሱ፣ በሩ አጠገብ ያለውን ቦታዬን ለቀቅኩላቸው።