ተዝካራቸው የወጣላቸው አክስት

በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ አባቴን እግሩን አሞት ወንዛዬ ፍል ውኃ ወሰድሁት። ታጥቤ ከእንፋሎቱ ስወጣ አንዲት አሮጊት ክንዴን ጨምድደው ያዙና፣ «ወንድሜ አድማሱ! ልጅህን እኮ ጎርፉ ከእጄ ነጠቀኝ!» አሉኝ። አድማሱ እኔ ሳልወለድ የሞቱ አያቴ ናቸው፤ ቁርጥ እሳቸውን ነው የምመስለው። ልጁ ደግሞ አባቴ ነው፤ በልጅነቱ የርብ ወንዝ ሞልቶ የፎገራን ሜዳ ሲያጥለቀልቅ ዛፍ ላይ ተርፎ ነው ያገኙት።

«እማማ፣ ልጁ ያውና» ብዬ ድንጋይ ላይ የተቀመጠውን ሽበታም አባቴን አሳየኋቸው።

አሮጊቷ ተጠግተው ፊቱን አዩና፣ «አክስትህ የሺ ነኝ። ሁላችሁም ያለቃችሁ መስሎኝ ውኃው ከጣለኝ አገር ቀረሁ» አሉት።

አባቴ ከድንጋዩ ላይ ተነሣ። «እኛ እኮ ተዝካርዎን አውጥተናል!»

«ማን አለቀሰልኝ?» ብለው ጠየቁት።

አባቴ እግራቸው ላይ ወድቆ ያን ጊዜ ገና አለቀሰላቸው።