ከሠላሳ ሥር ሁለት መስመር

— ሄሎ?... ቱርፊን! ልደውልልህ ስል ቀደምከኝ።... ደህና ነኝ፣ እንዲያውም ልበር ነው!

— ምን? አንድ ቢሊዮን ደረሰ?... አላገኘም? አያገኝማ! ወንድምዬ፣ ያንን ኮምፒውተር አጥፋው። ክረምቱን ሙሉ በከንቱ አለፋኸው።

— አባባ ደብተር ላይ ካሉት ከአሥሩ ሌላ አሥራ አንደኛ ቁጥር የለም።... የለም አልኩህ! አባባ ሥራውን ሳይጨርስ አልሞተም። ትሰማኛለህ?

— ኡድቫር፣ ዋፍሉን ከመጋገሪያው አውጣው፣ እያረረ ነው!... ባሌን ነው። አዳምጠኝ።

— የደብተሩ ሕግ ምን ይላል? አንድ ቁጥር ያዝ። ከሱ የሚያንሱትን፣ ከሱ ጋር ከአንድ ሌላ የጋራ አካፋይ የሌላቸውን ልቀም። አንድን ተዋት፤ የቀሩት ሁሉ ብቸኛ ቁጥሮች ከሆኑ ይመዘገባል። የመጨረሻውን፣ ሠላሳን እይ፦ 7፣ 11፣ 13፣ 17፣ 19፣ 23፣ 29። ሁሉም በራሳቸውና በአንድ ብቻ የሚካፈሉ!

— ከሠላሳ በላይስ? 4፣ 9 እና 25 አድፍጠው ይጠብቁሃል፤ እነሱ ብቸኛ አይደሉማ። ለማምለጥ ቁጥርህ በ2፣ በ3፣ በ5 መካፈል አለበት።... ጎበዝ፣ ስልሳ። ስልሳ ላይ ግን 49 አንቆ ይይዝሃል! ሰባትንም አስገባ... ሁለት መቶ አሥር። እዚያ ደግሞ 121 እና 169 ቆመዋል! አሥራ አንድና አሥራ ሦስትን ጨምር... ሠላሳ ሺህ ሠላሳ! አንዱን ቀዳዳ ስትደፍን ሌላው ይከፈታል፤ መቼም አትደርስበትም። ማረጋገጫው ሦስት ገጽ ነው፣ እልክልሃለሁ።

— ማን ሠራው አልክ? እኔ ነኛ! አርባ ዓመት ጀልባ ላይ ትኬት የቆረጠችው እህትህ! አሁንስ ምን ትላለህ?

— ቆይ፣ ዋናው ገና ነው። አንተ የገለበጥከው ቁጥሮቹን ብቻ ነው። ዛሬ ደብተሩን ራሱን አወጣሁት። ከሠላሳ ሥር ምን አለ መሰለህ?... ሁለት መስመር። በማስመሪያ የተሰመረ።

— አዎ... ሁለት። አባባ ሲያስተምረን ምን ይል ነበር?... «ሁለት መስመር ያልተሰመረበት መልስ አላለቀም።» አየህ፣ ያውቅ ነበር። ጨርሶት ነው የሞተው።

— እያለቀስክ ነው?... አልቅስ፣ እኔም ጠዋት አልቅሻለሁ።

— በል አሁን ማተሚያ ቤት ደውል፣ የአባባ መታሰቢያ ጽሑፍ ነገ ሳይታተም! «ያላለቀው ሥራ» የሚለውን ርዕስ ሰርዝልኝ።... ምን እንበለው? «አሥር ቁጥሮች» በለው፣ ይበቃል።... ከሥሩ ግን ሁለት መስመር አስምርበት። በእጅህ አይደለም፣ በማስመሪያ!... ቻው፣ ዋፍሉ አለቀብኝ።